መቶ ከመቶ ያገኘው የቤተሰብ ሥዕል

ሲስተር ጠሂራ አብነት ሰፈር ካለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ማስተርሷን ይዛም ትምህርት አልጠገበችም። በ2009 ዓ.ም. ማስተርስ ላላቸው ነርሶች በኢንተርኔት የሚሰጥ የጂኖሚክስ ኮርስ ጀመረች፤ በሽታ በዘር እንዴት እንደሚወርድ የሚያስተምር። ከሥራ ስትወጣ ሲኒማ ራስ ጀርባ ካለው ኢንተርኔት ቤት ትገባለች። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ይቆራረጣል፣ አስተማሪዋ ስክሪኑ ላይ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ትቀራለች፣ ጠሂራም ደብተሯን ይዛ ትጠብቃታለች። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ለባል እንኳ አይሰጥም።

በሦስተኛው ሳምንት የቤት ሥራ መጣ፦ የራሳችሁን ቤተሰብ እስከ ሦስት ትውልድ ሣሉ። ሴት በክብ፣ ወንድ በአራት ማዕዘን፤ የታመመ ይጠቁራል፣ የሞተ ይሰረዛል። ጠሂራ በእናት ቦታ እትዬ ዘሀራን አስገብታ ላከች። ከአንደኛ ክፍል ምዝገባ እስከ ቀበሌ መታወቂያ፣ የእናት ስም በተጠየቀችበት ሁሉ የምትጽፈው እሳቸውን ስለሆነ እጇ ለምዶታል። መቶ ከመቶ አገኘች። አስተማሪዋ ከሥሩ «ጤናማ ቤተሰብ» ብላ ጻፈችላት።

ደስ ሊላት ሲገባ ዓይኗ በእናት ቦታ ካስገባችው ስም ላይ ቀረ። እትዬ ዘሀራ አክስቷ ናቸው። የወለደቻት ካሚላ የሞተችው ጠሂራ ገና ዳዴ ሳትል ነው። የልጅቷ ሆድ እንዳይባባ ተብሎ ቤተ ዘመዱ ስሟን ማንሳት ተወ፤ ፎቶ እንኳ አልተቀመጠም። ጠሂራ ነገሩን የሰማችው በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ አፏ ከማያርፍ አንዲት ሴት ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ እናቷ ትናፍቃታለች። መልክ የሌለው ናፍቆት ክፉ ነው፤ የሚያርፍበት የለውም። ታክሲ ውስጥ ጠና ያለች ሴት ባየች ቁጥር ፊቷን ትመረምራለች። አክስቷን ግን ጠይቃ አታውቅም፤ ውለታ መብላት ይመስላታል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አዲስ ሥዕል ሠርታ፣ ካሚላን በእናት ቦታ፣ እትዬ ዘሀራን ከጎኗ አድርጋ አክስቷ ወደሚነግዱበት ጭድ ተራ ሄደች። እትዬ ዘሀራ ከሚሸጡት ሰሌንና ቅርጫት መሀል ተቀምጠዋል።

«እማ፣ ለትምህርቴ ነው» አለች ጠሂራ። «ካሚላ በምን ሞተች?»

እትዬ ዘሀራ ሰሌን መጠቅለላቸውን አላቆሙም። «ምች ነው።»

«እማ፣ እኔ እኮ ነርስ ነኝ።»

ሰሌኑን ጠቅልለው አሰሩት፣ ግድግዳ አስደግፈው አቆሙት።

«ጡቷን ነው» አሉ በመጨረሻ። «አፍራ እኔንም ደብቃኝ ነበር። አንቺን በግራዋ ብቻ ስታጠባሽ ነው የነቃሁባት። እናታችንም እንደዚያው ሆና ነው የሞተችው።»

ጠሂራ እስክሪብቶ አወጣች። የእናቷንና የአያቷን ክብ አጠቆረች። የጡት ካንሰር በዘር ሊወርድ ስለሚችል፣ ለቀሩት ለሁለቱ፣ ለእሷም ለአክስቷም፣ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ወዲያው ገብቷታል።

«ሰኞ ክሊኒክ አብረሽኝ ትመጫለሽ» አለቻቸው።

እትዬ ዘሀራ ጎንበስ አሉ። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው።

«የቷ ናት ካሚላ?»

ጠሂራ በጣቷ አሳየቻቸው።

«ምነው እንዲህ አጠቆርሻት?» አሉ። «ቀይ እኮ ነበረች። አንቺ ጠይም የሆንሽው በአባትሽ ነው። ስትስቅ እንዳንቺ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር።»

ጠሂራን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። እጇን ግን አንስታ አፏ ላይ አደረገች፤ ቶሎም አላወረደችውም።