ያልተሳፈርንበት መኪና

ልጅ እያለሁ ከውሻም ከጨለማም ይልቅ የምፈራው የወተት ካርቶን ነበር። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ኦክላንድ ውስጥ ቁርስ ስንበላ የጠፉ ልጆች ፎቶ ከካርቶኑ ላይ ያፈጥብን ነበር። አስተማሪያችን ደግሞ የማያውቀው ሰው መኪና ውስጥ የገባ ልጅ መጨረሻው ያው ነው ትለናለች።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አንድ እሁድ ጠዋት ሳን ሆዜ የምትኖረው አክስቴን ምጥ ያዛት። አሜሪካ ከገባች ሁለት ወር አልሞላትም፤ ቋንቋ አትችልም፣ ባሏ ገና ሱዳን ነው። ጎረቤቷ ሆስፒታል አድርሳት ወደ ሥራዋ ሄዳለች። እማዬ ለአስተርጓሚነት እኔን ይዛ ተነሳች፤ በባቡር መጨረሻው ጣቢያ ፍሪሞንት ደረስን። ከዚያ ወዲያ የሚወስደን አውቶቡስ ግን አልመጣ አለ።

እማዬ መንገድ ዳር ቆማ፣ አገር ቤት «ና» እንደሚባለው መዳፏን ወደ መሬት አድርጋ ጣቶቿን ታርገበግብ ጀመር። ፈረንጆቹ ቻው ያለቻቸው እየመሰላቸው እጃቸውን እያወዛወዙ፣ ፈገግ እያሉ አለፉ። ባለፉ ቁጥር እግዜርን አመሰግናለሁ። የማናውቀው ሰው መኪና ውስጥ አይገባም ብላት «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አለችኝ።

በመጨረሻ አንድ ጢማም ሰውዬ ፒክ አፑን አቆመ። ውስጡ ሲጋራና ውሻ ይሸታል። ወደ እማዬ ተጠጋሁ። የት እንደምንሄድ ጠየቀኝና ሆስፒታሉ በር ድረስ ላድርሳችሁ አለ።

«ምን አለ?» አለችኝ እማዬ።

«በመንገዱ አይደለም አለ።»

ለሰውየው ደግሞ «ኖ ታንክዩ፣ ማይ ዳድ ኢዝ ካሚንግ» አልኩት፤ አባቴ እየመጣ ነው ብዬ። እማዬ እጅ ነስታ ሸኘችው።

አውቶቡሱን ከሁለት ሰዓት በላይ ጠበቅነው። ስንደርስ ልጁ ተወልዷል። ነርሷ እኔንና እማዬን አየት አድርጋ «ማርያም የትኛዋ ናት? እስክትወልድ ድረስ እሷን ስትጣራ ነበር» አለች። ይህን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩት። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ዛሬ ልጆቼ ስልካቸውን ነካ አድርገው የማያውቁት ሰው መኪና ውስጥ ዘው ይላሉ፤ እኔም ደህና ግቡ ብዬ እሸኛለሁ። እማዬ አርጅታለች። የዚያ ቀን ነገር ሲነሳ «ደግ ፊት ነበረው፤ ቢመቸው ኖሮ አይተወንም ነበር» ትላለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማታለሁ። እውነቱን ልነግራት ስል፣ ያን ጢማም ሰውዬ ከፈራሁት ይበልጥ እፈራለሁ።