ሚዛን ላይ ያለቀ ኮከብ

ክሬሰንት ታውን፣ አርብ ጎህ ሲቀድ

የፈረንጆቹ ስቅለት ነው፤ ትምህርት ቤቱም ሱቁም ዝግ። የኛ ሁዳዴ ግን ገና አላለቀም። ከሕንፃችን ወደ ባቡር ጣቢያው በሚያሻግረው ድልድይ ላይ እኔና የልጅ ልጄ ናትናኤል ብቻችንን ነን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እሱ ጫማና ሄልሜቱን በትልቅ ቦርሳ አዝሏል፤ እኔ የሱፍ ፍትፍት በሳህን ይዣለሁ። እናቱ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሌሊቱን ሠርታ ገና አልተመለሰችም። እኔ እንደሆንኩ አውቶቡስ ካየሁ ልሂድ ባይ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ይህን ከተማ ያወቅኩት በመስኮት ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ናቲ የሚጫወተው የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ነው፣ ሄልሜት አድርገው የሚጋፉበትን። የሱ ሥራ ኳስ መያዝ አይደለም፤ ፊት ቆሞ የሚመጣበትን ጎረምሳ ገፍቶ ማስቀረት ነው። ኢንተርኔት ላይ ለነዚህ ልጆች ኮከብ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፣ እስከ አምስት። የአሜሪካ ኮሌጆች ልጅ ሲመርጡ ኮከቡን ያያሉ ይባላል። ናቲ ሁለት አለው። ዛሬ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሬክስዴል ሜዳ ላይ፣ ኮከብ ሰጪዎቹ ልጆቹን እንደገና ያዩዋቸዋል።

«ሦስተኛውን ካልሰጡኝ ኩዊት አደርጋለሁ፣ ጫማውንም እጥለዋለሁ፣ እማማ» አለኝ።

«ቢያንስ ቁርስ ብላ። የንስሐ አባትህ ለዛሬ ፈቅደውልሃል።»

«እርስዎ ሳይበሉ አልበላም።»

ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ግትርነቱ ከኔ ነው።

ባቡር ውስጥ

ባቡሩ ትልቁን ሸለቆ ሲሻገር የጠዋት ፀሐይ ከታች ወንዙ ላይ ታርፋለች። ዛፎቹ ገና ራቁታቸውን ናቸው። እኔ ይህችን ቦታ ለማየት ብቻ የምሳፈርበት ቀን አለ። «እይ እንጂ!» አልኩት፤ ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። አንድ ጠብደል ልጅ ሰው ሲያንከባልል እያየ ነው።

«ማነው?»

«ባለ አራት ኮከብ ነው። ዛሬ ከሱ ጋር ነው የሚያጋጥሙኝ።»

ከባቡሩ ወርደን ወደ ሰሜን የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝን። ሾፌሩ ግርማ የኛው ሰው ነው፤ መስመሩን ስመላለስበት ያውቀኛል።

«እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት ሊዞሩ ነው?»

ነገርኩት።

«ኮከብ? እንደ ሆቴል?» ሳቀ። «ናቲ፣ ቁርስ ይጨምራል?»

ናቲ አልሳቀም።

ሬክስዴል፣ ሜዳው

ከመጋዘኖች ጀርባ ያለ ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን በጭንቅላታችን ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ልጆቹ እንደ ቁም ሣጥን ሰፋፊ ናቸው። ኮከብ የሚሰጠው ሰውዬ ኮፍያ አድርጎ፣ ታብሌት ይዞ ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል። ናቲ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሰውዬው ቁጥሩን አየ፣ ከንፈሩን ጠመም አደረገ፣ ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገና «ቀጣይ» አለ። ናቲ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ከክረምቱ ወዲህ ኪሎ ቀንሻለሁ። ሲሪየስ አይደለህም አለኝ።»

«ጾም ነው አላልከውም?»

«አልኩት። ታብሌቱ ላይ ለሱ መሙያ ቦታ የለኝም አለ።»

ሲጫወት ያየዋል ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ናቲንና ያን ባለ አራት ኮከብ ፊት ለፊት አቆሟቸው። ፊሽካ ተነፋ። ጠብደሉ ልጅ በጀርባው ወደቀ። ጩኸቴን መቆጣጠር አቃተኝ። ዞሬ ሰውዬውን አየሁት፤ ከአንድ አባት ጋር ቡና እየጠጣ ያወራል። ሁለተኛ ገጠሙ፤ ልጁ አሁንም ወደቀ። ሰውዬው ስልክ አነሳ። በሦስተኛው ሁለቱም ጭቃ ውስጥ ገቡ፣ ከላይ የነበረው ግን የኔ ልጅ ነው። ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶን ነበር።

በመከራ ተነስቼ ወደ ሰውዬው ሄድኩ። ናቲ ሮጦ ደረሰብኝ።

«ዓይንህ ወዴት ነበር በለው!»

«እማማ ፕሊስ፣ ያሳፍራል፣ ሲት ዳውን ያድርጉ...»

«እኔ እለዋለሁ። ማይ ቦይ! ሉክ! ዩ ኖ ሉክ!»

ሰውዬው ለሕፃን እንደሚሳቅ ሳቀልኝ። «ሶ ስዊት» አለው ለዚያ አባት። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው የበርገር ክምር ጠቆመን፣ ይብላ ለማለት። በሁዳዴ! በአርብ!

እኛ እኮ ለበዓል በግ ስንገዛ እንኳ ላቱን ዳብሰን፣ ጥርሱን አይተን፣ አስሂደን ነው። ይህ ሰውዬ ልጄን ሚዛን ላይ አይቶ ጨረሰ።

ጠብደሉ ልጅ፣ እግዜር ይስጠው፣ ጭቃውን እየጠረገ መጥቶ የናቲን እጅ ጨበጠ። አንድ ነገር ብሎት ሄደ።

«ምን አለህ?»

«ሁለተኛ ካንተ ጋር እንዳያጋጥሙኝ አለ።»

ይህንን ታብሌቱ ላይ ማን ይጽፈዋል?

የመልስ መንገድ

ፌርማታው ላይ ስልኩን ከፈተ። አሁንም ሁለት ኮከብ። ከሥሩ «ክብደት ይጎድለዋል» ይላል። ናቲ ጽሑፉ የወጣበትን ሰዓት አሳየኝ፤ ልጆቹ ገና ከሚዛኑ ሳይላቀቁ ነው። አንድም ፊሽካ ሳይነፋ!

«አለቀ፣ እማማ» አለ። ቦርሳውን መሬት ላይ ጣለው።

ከተማ ለከተማ ስንዞር ያደርን ሰዎች ነን፤ ሳያየን የመዘነን ስንቱ ነው! የልጅ ልጄ ግን ገና ዛሬ ማወቁ ነው።

አውቶቡሱ መጣ። ግርማ ነው፣ ደርሶ ሲመለስ።

«እህስ፣ ስንት ሆነ?»

አፌን ልከፍት ስል ናቲ ቀደመኝ። ቦርሳውን አነሳና ተሳፈረ።

«እሱን ተወው፣ ጋሼ። ባለ አራት ኮከቡን ሦስቴ ጣልኩት።»

«ሦስቴ?»

«እማማን ጠይቃቸው። እሳቸው አይተዋል።»

«አይቻለሁ» አልኩ። ከአንደኛው ጀምሬ ለግርማ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን። ናቲ አንገቱን ደፋ፣ ግን እያረመኝ ነበር። «በግራ ትከሻዬ ነው እማማ፣ በቀኝ አይደለም።» የጾሙ ሰዓት ሲደርስ ባቡር ውስጥ ፍትፍቱን ከፈትን። ሳህኑን ጠርጎ በላው።

ክሬሰንት ታውን፣ ማምሻውን

ኩዊት ያለውን አልረሳሁም። እንደገባን የቆሻሻ መጣያውን አየሁ፤ ጫማው የለም። መታጠቢያ ቤት ውኃ ሲፈስ ሰማሁ። ገፋ አድርጌ ሳይ ጫማውን ገንዳ ውስጥ ነክሮ ከሥሩ ጭቃውን ይፈገፍጋል፣ በኔ የጥርስ ብሩሽ።

«ሰኞ ልምምድ አለ፣ እማማ» አለኝ ሳይዞር።

በሩን ቀስ ብዬ መለስኩት። የተረፈኝ ቁጣ ለዚያ ሰውዬ ነው።