ጎሚኒ የሌለው ፊልትሮ

ታቢታ ፈሪ ናት። ይህን ቤተሰቧም፣ ሰፈሩም፣ የምትሠራበት ክሊኒክ ካርድ ክፍልም ያውቃል። የጋዙን መዝጊያ ዘግታ ከወጣች በኋላ ከበር ተመልሳ ትነካዋለች። ልጆቿ ሐይቅ ዳር ሲሄዱ ልቧ አብሯቸው ይሄዳል። ከሁሉ ይልቅ የምትፈራው ግን መኪና ነው። ልጅ ሳለች ከዲላ ስትመጣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሹፌሩ ከመሪው ጋር እየታገለ፣ ተሳፋሪው ትንፋሹን ውጦ እስከ ታች ወርደዋል። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ሌላው ሰው ዘፈን ሲሰማ እሷ የምትሰማው ሞተሩን ነው።

ባሏ ደረሰ ያገለገለች ራቭፎር የገዛ ዕለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መኪናዋን ከበው ሲጸልዩ እሷም አሜን ብላለች። ፍርሃቷ ግን ከአሜኑም በኋላ እዚያው ነበር። ስለዚህ የሰርቪስ ጊዜ ሲደርስ ዕቃውን መርጣ የምትገዛው እሷ ሆነች። ደረሰም ደስ ይለዋል፤ እሱ የመጀመሪያውን ይዞ የሚወጣ ሰው ነው።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ካለው የጠሀ መለዋወጫ ሱቅ ገባች። ጠሀ የዘይት ፊልትሮዎቹን ባንኮኒው ላይ ደረደረላት፤ የትኛው ኦሪጅናል፣ የትኛው ኮፒ እንደሆነም አልደበቃትም። እሷ ግን በነገሯት ብቻ አትረካም። ከየካርቶናቸው አውጥታ በመዳፏ መዘነቻቸው። አፋቸው ላይ ያለችውን ክብ ጎማ፣ ጎሚኒዋን፣ በጣቷ ዞረቻት። የአንዱ ደርቋል፤ የሌላው ከቦታው ወጣ ገባ ይላል። የኦሪጅናሉ ግን እንደ ሕፃን ድድ ለስላሳ ነበረች። የጋለውን ዘይት ከሞተሩ እንዳያመልጥ የምትይዘው ይህች ቀጭን ጎማ መሆኗን ጠሀ ሲነግራት ታቢታ ጎማዋን ደግማ አየቻት። የአንድ ቤት ሰው ሁሉ በዚህች ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል ማለት ነው።

«እህቴ፣ ባልሽንም እንዲህ አገላብጠሽ ነው የመረጥሽው?» አላት ጠሀ።

«እሱንማ ሳላገላብጥ ነው የወሰድኩት» አለችው። «ለዚህ ነው ፊልትሮ ላይ የምጠነቀቀው።»

ኦሪጅናሉን ገዝታ ስትወጣ ደረሰ ምሥራቅ ሰፈር ወዳለው የአብዲ ጋራዥ ወሰዳት። አብዲ አሮጌውን ፊልትሮ ታግሎ ፈታው፤ የአዲሱን ጎሚኒ በዘይት አብሶ አሰረ። ሞተሩ ተነሣ። ደረሰ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ፤ አንድም ጠብታ የለም። በጋራዡ ደንብ ከመኪና የወጣ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ኋላ አልተቀየረልኝም የሚል እንዳይመጣ። አብዲም አሮጌውን በፌስታል አድርጎ ለታቢታ ሰጣት። ሰው ሁሉ ይህን ፌስታል ይቀበላል፤ ማንም ከፍቶ አያየውም። መቀበሉ ራሱ እንደ ደረሰኝ ነው።

ደረሰ እሷን ቤት አደረሰና ልጆቹን ኦሊያድንና ኢያኤልን ጭኖ ይርጋለም ወዳሉት እናቱ ተነሣ። እሷ ከሰዓት ተረኛ ስለነበረች ቀረች። መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ካለው የአሞራ ገደል የአሳ ገበያ ጎራ ብሎ ለእናቱ አሳ እንደሚገዛ ነገራት። እስኪታጠፉ ድረስ ቆማ አየቻቸው።

ከዚያ ፌስታሉን ልትጥል ሄደች። ከመጣሏ በፊት እጇ ወደ ውስጥ ገባ። ጠዋት ጎሚኒ ሲዳስስ የቆየ ጣት ልማዱን አልተወም ይሆናል። ጣቷ የፊልትሮውን አፍ ዞረ፤ ብረት ነው። ደግሞ ዞረ፤ ብረት ነው። ጎሚኒዋ የምትቀመጥበት ቦይ ባዶ ነበር።

ፌስታሉን ገለበጠችው። ጥቁር ዘይት ተንጠባጠበ፤ ጎማ ግን የለም። ጎማዋ እዚህ ከሌለች ሞተሩ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች፤ አዲሱም በላይዋ ታስሯል ማለት ነው። እንደ ሁልጊዜው ፍርሃቴ ነው ብላ ራሷን ልትቆጣ ሞከረች። እጇ ላይ ያለው ባዶ ቦይ ግን ፍርሃት አልነበረም።

አብዲ ጋ ስትደውል ሲፈታ ወድቃ ይሆናል ብሎ ሳቀ። ቢሆንም ሊፈልግ ሄደ፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ በስልኩ ተሰማት። ሲመለስ ሳቁ ጠፍቷል።

«እዚህ የለችም። ሁለት ጎሚኒ ከተደራረበ መኪናው ቆሞ ሳለ ዘይቱን ይይዛል፣ ሲሮጥ ግን ይተፋዋል። ዘይቱ ካለቀ ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ሰዎቹ የት ናቸው?»

ደረሰ ስልክ አያነሣም። ሲነዳ የእሷ ጥሪ ስለሚበዛበት ድምፁን ያጠፋዋል። ያገኘችው ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገባች። ሹፌሩ ሰው ታሞ እንደሆነ ጠየቃት፤ ስለ ፊልትሮ ማስረዳት ቢከብዳት አዎ አለችው። ቀስ በል እያለች የኖረች ሴት ፍጠን እያለች ለመነችው። ፊልትሮውን አለቀቀችውም፤ ዘይቱ ቀሚሷ ላይ ይወርድ ነበር።

አሞራ ገደል ስትደርስ ራቭፎሯ የለችም። አንዲት አሳ ሻጭ፣ ሁለት ልጆች የያዘ ሰው ገዝቶ እንደሄደ ነገረቻት፤ የቆመበትንም አሳየቻት። መሬቱ ላይ ያልደረቀ ዘይት ተኝቷል። ፀሐይ አርፋበት ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ወርቅማ ሆኖ ያብለጨልጫል። ያምር ነበር፤ ማማሩ ይበልጥ አስፈራት። ከዚያ ነጠብጣቡ ወደ አስፋልቱ እየራቀ፣ እየበዛ ይሄዳል።

ያን ጊዜ ስልኳ ጠራ።

«ታቢ፣ ደውለሽ ነበር እንዴ?» አለ ደረሰ። ሞተሩ ከኋላው ይሰማል። «ቱላን አልፈናል። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ቀይ መብራት በርቶብኛል፤ ይርጋለም ስደርስ አሳየዋለሁ።»

«አጥፋው።»

«ቁልቁለቱን ልወርድ ስል? ትንሽ ነው እኮ የቀረን። ደግሞ ጀመረሽ?»

«ደረሰ፣ ዳር ያዝና አጥፋው። ፈሪ ነኝ፣ አውቃለሁ። ይሄን ግን በእጄ ይዤዋለሁ። ልጆቼ አሉበት።»

ጠጠር በጎማ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰማች፤ ከዚያ ሞተሩ ጸጥ አለ። በር ተከፈተ። የኢያኤል ድምፅ ከሩቅ፣ መኪናው ሥር ጥቁር ውኃ እየፈሰሰ ነው ሲል ሰማች።

«ታቢ» አለ ደረሰ በመጨረሻ። «ከፊታችን መታጠፊያው ነው። ከሥሩ ገደል ነው። ልጆቹን ይዤ ልወርደው ነበር፤ ፈራሁ።»

በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እሱ ሲፈራ ሰምታ አታውቅም።

«ልጆቹን ከመንገዱ አርቃቸው» አለችው። «ጥላ ፈልግና አስቀምጣቸው። እየመጣሁ ነው።»

ወደ ባጃጁ ለመሄድ ስትነሣ ግን የአሳ ቅርፊት በተበተነበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። አሳ ሻጯ ውኃ ይዛላት መጣች።