እትዬ በላይነሽ ውሻቸውን የሸኙበት ዓመት

ልጅ እያለሁ፣ ነጌሌ ላይ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከጎረቤታችን ግቢ አንድ ጥሪ ይሰማ ነበር። «ማናለኝ! ኧረ ማናለኝ!» ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው ሴትየዋ የሚያለቅሱ ይመስለው ነበር። እኛ ግን እትዬ በላይነሽ ውሻቸውን ለራት እየጠሩ መሆኑን እናውቃለን። ጥሪው ሳያልቅ ጥቁሩ ውሻ የጨርቅ ኳሳችንን ጥሎ ይፈተለክና፣ ቀዩን አቧራ እያስነሳ በቅንጭቡ አጥር ቀዳዳ ይሾልካል።

እትዬ በላይነሽ የወሎ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወታደር ስለነበሩ ነጌሌ ሲመደቡ አብረው መጡ፤ ልጅ አልወለዱም። መንግሥት ሊለወጥ ሲል ባልየው ወደ ሰሜን ተላኩ። ከዚያ ወዲህ አሉ የሚልም፣ ሞተዋል የሚልም ሰው አልመጣም። ውሻው ያኔ ገና ቡችላ ነበር። ማናለኝ የሚለውን ስም ያወጡለት ባላቸው ከሄዱ በኋላ እንደሆነ እናቴ ነግራኛለች።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የእትዬ በላይነሽ እግር ማበጥ ጀመረ። ቦኖ ውሃ ለመቅዳት ሲወጡ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልገው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ እኛ ቤት ጎራ አሉና እናቴ ምን እንደተባሉ ጠየቀቻቸው።

«ልብሽ ደክሟል አሉኝ» አሉ። ቀጥለው በራችን ላይ የተጋደመውን ውሻ አዩት። «እኔስ አንድ ቀን እሄዳለሁ፤ የዚህን ነገር ምን ላድርግ?»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በከተማችን ባለቤት የሌለው ውሻ መጨረሻው መርዝ ያለበት ሥጋ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ቦይ ውስጥ ተዘርረው እናያቸው ነበር፤ ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። እናቴ «እኛ እንወስደዋለን» ለማለት አፏን ከፍታ ተወችው። አባቴ መምህር ስለነበር ዝውውር እየጠበቅን ነበር።

በቀጣዩ እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። እኔ እናቴ ሥር ተቀምጬ ነበር። ጉዳዩ ሁሉ አልቆ ሰው ሊነሳ ሲል እትዬ በላይነሽ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ስሞት እናንተ ትቀብሩኛላችሁ፤ እሱን አልጠራጠርም» አሉ። «ውሻዬንስ ማን ያበላልኛል?»

ሰዉ ሳቀ። የእድሩ ዳኛ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «በላይነሽ፣ እድር እኮ የሰው ነው» አሏቸው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሊያጽናኗቸው ብለው፣ «ምን ያስጨንቅሻል? ውሻ በበላበት ይጮኻል። ሌላ የሚያበላው ካገኘ ይረሳሻል» አሉ። ሳቁ እንደገና ተነሳ። እትዬ በላይነሽ ግን አልሳቁም። ወደ ቤት ስንመለስ ተረቱን ለራሳቸው ደጋግመው ሲሉት ሰማኋቸው፤ «በበላበት ይጮኻል... በበላበት...»

ከሊበን ገጠር ወተት እያመጣች የምትሸጥልን አዴ ዳዲ የምትባል ወጣት እናት ነበረች። ከወተት ዕቃዋ፣ ከጮጮዋ፣ የሚወጣው የጭስ ሽታ ከሷ ቀድሞ በር ይደርሳል። በማግስቱ ማልዳ «አካም? ናጋ?» ብላ ሰላምታ እየሰጠች ቤታቸው ስትገባ እትዬ በላይነሽ እንደ ወትሮው አልመለሱላትም።

«እማማ፣ ምን ሆነሻል?» አለቻቸው። «አንቱ» የሚለው አማርኛ ወደ ምላሷ አይመጣም ነበር፤ አክብሮቷ ሁሉ «እማማ» የምትለው ላይ ነው። ነገሯት። አልሳቀችም። ውሻውን እንደ ጥጃ አገላብጣ አየችው።

«እኔ እወስዳለሁ። እኛ ጋ ከብት አለ፣ ጅብም አለ። ውሻ ሥራ አለው» አለች። ጥቂት አሰበችና፣ «እምቢ ካለስ? ልቡ እዚህ ነው።»

«ልቡን እኔ አስለቅቀዋለሁ» አሉ እትዬ በላይነሽ።

ያን ዕለት ውሻውን በእጃቸው ማብላት አቆሙ። ፍርፋሪውን ለአዴ ዳዲ ይሰጧታል፤ እሷ ወተት አፍስሳ ታቀርብለታለች። መጀመሪያ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ሸኝቷት ይመለስ ነበር። ቀጥሎ እስከ ሊበን መንገድ መውጫ፣ ቀጥሎ ውሎ እስኪገባ። ሲመለስ እየተሽቆጠቆጠ ቀሚሳቸው ላይ ይወጣል፤ እሳቸው አይዳብሱትም። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ቀብረው ይቆማሉ። ማናለኝ የሚለውን ስምም ተዉት። አዴ ዳዲ «ጉራቻ» ትለው ነበር፤ ጥቁሩ ማለቷ ነው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ጉራቻ ተብሎ ሄደና አልተመለሰም።

አልተመለሰም ያልኩት ለጥቂት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ፣ ከረፋዱ ላይ አቧራ ለብሶ፣ እያነከሰ መጣ። የእትዬ በላይነሽን የቆርቆሮ በር በጥፍሩ ሲቧጭር ሰምቼ በአጥሩ ቀዳዳ ገባሁ። በመስኮቱ ሳይ እሳቸው ከበሩ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተዋል። እኔን ሲያዩኝ ዝም በይ በሚል ጣታቸውን አነሱ። ውሻው አለቀሰ፣ በሩ ሥር ተጋደመ፣ እንደገና ተነስቶ አለቀሰ። ከሰዓት በኋላ አዴ ዳዲ እያለከለከች ደረሰች።

«ጉራቻ! ኮቱ!» አለችው፤ ና ማለቷ ነው። በሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ጅራቱን ወሽቆ ተከተላት።

እትዬ በላይነሽ በሩን የከፈቱት ድምፃቸው ከራቀ በኋላ ነው። ጎንበስ ብለው ተኝቶበት የነበረውን አፈር በመዳፋቸው ነኩ። «ገና ይሞቃል» አሉኝ።

ሞት ግን በጠበቁት ጊዜ አይመጣም። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ በጋውም መጣ፤ እሳቸው አሉ። እናቴ፣ «እትዬ፣ እንግዲህ ደህና ሆነዋል፤ ይመለስልዎት» ስትላቸው፣ «አንዴ ችሎታል። ሁለተኛ ላስችለው?» አሏት። ሲመሽ ልማድ ሆኖባቸው በራቸው ላይ ይቆማሉ፤ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ይዘጉታል። ማለዳ ማለዳ አዴ ዳዲን የሚጠይቋት አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«በላ?»

«በላ፣ እማማ።»

ሲያርፉ ድንኳኑ ተተከለ፤ እንዳሉትም እድሩ ቀበራቸው። አዴ ዳዲ ባዶ እጇን መጥታ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። ተጠግቼ ውሻው የት እንዳለ ጠየቅኳት።

«ከጥጆች ጋር ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ደህና ነው። እሱ ምንም አያውቅም።»

እትዬ በላይነሽ የፈለጉት ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ደስ አላለኝም። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሐል ከልቡ የሚያለቅስላቸው እሱ ነበር፤ እሱንም ራሳቸው አስረስተውታል። ከድንኳኑ ኋላ ሄጄ በእሱ ፈንታ አለቀስኩ።

ዛሬ የምኖረው ሐዋሳ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ብቻዬን፣ ከአንዲት ያረጀች ድመት ጋር። በቅርቡ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል አለኝ። ቤቴ ገብቼ ስልኬ ላይ ስሞችን ከላይ እስከ ታች አየሁ፤ ድመቴን ያዥልኝ የምላት ሰው አጣሁ። ያኔ እትዬ በላይነሽ ብቸኛ ናቸው እንል ነበር። ግን እኮ ሰፈሩ ሁሉ ከነውሻቸው ያውቃቸው ነበር፤ የሳቁባቸው እንኳ በስማቸው ጠርተው ነው።

ትናንት ድመቷን አቅፌ ፊት ለፊቴ ያለውን በር አንኳኳሁ። አንዲት ወጣት ሴት ሰንሰለቱን ሳትፈታ በስንጥቁ አየችኝ።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

ዓመታት በር ለበር ኖረናል።

«ጎረቤትሽ ነኝ» አልኳት።