የተቆለፈው በገና

በመካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ በአንዲት መቅረጫ ክፍል፣ ማዳመጫውን ከማተቡ በላይ ያንጠለጠለ ሽበታም ሰው አሮጌ ኮምፒዩተሩን በቁጣ ይመለከታል። የሟች ሚስቱን መዝሙር ሲከፍተው ድምፅዋ ይሰማል፤ በኮምፒዩተሩ የደረደረችው በገና ግን ጠፍቷል፤ የበገናውን ድምፅ የሚያወጣውን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ፕለጊኑን፣ ሠሪዎቹ ትተው ፈቃዱን በኢንተርኔት ዘግተውታልና።

መንዙማ ልታስቀርጽ የመጣች ሴት፣ «ኧረ በአላህ፣ ጋሼ፣ አዲሱን ይጫኑበትና ይገላገሉ!» አለችው።

«አዲሱ የእርሷን እጅ ከየት ያመጣዋል? የሸጡልኝን በገና ቤቴ ድረስ ገብተው ቆለፉብኝ! ፈጣሪ ይይላቸው!»

ሌላ መዝሙሯን ከፈተ። በዚህኛው፣ በሌላ ፕለጊን የተጫወተችው ማሲንቆ ገና ይሰማል። ይህም ሳይዘጋበት፣ ያለ ፕለጊን ወደሚሰማ ተራ የድምፅ ፋይል ይገለብጠው ጀመር። ሴትዮዋ ልትናገር ስትል እጁን አነሣ።

«ዝም በይ፤ እየተጫወተች ነው።»