በጥርስ የተበጠሰ ክር

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «ጥርሴ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አመሏ ነው። መቀሱ ከጎኗ ተቀምጦ እያያት፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ ክሩን በጥርሷ ቀጭ ታደርገዋለች። ክር መርፌ ውስጥ ስታስገባም ጫፉን በምራቋ አርጥባ፣ በከንፈሯ አሹላ ነው። ሙያውን ያስተማረቻት አክስቷ፣ አንድ ቀን ጨርቁንም ትበይዋለሽ እያለች ብትቆጣትም፣ ይኸው ፀጉሯ እስኪሸብት አልተወችውም። ደንበኞቿ ይስቁባታል እንጂ ክፉ ነገር ያሰበበት የለም። ምራቅ የሚያስፈራ ዘመን ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ዘመኑ ግን መጣ፤ በምራቅና በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ገባ። መንገዱ ጭር አለ። ሰው ከሰው ሲተላለፍ ግድግዳ መታከክ ጀመረ፤ ያስነጠሰ ሰው ኪስ ሲገባ የተያዘ ሌባ ይመስል ዓይን ሁሉ ያርፍበታል። ለሠርግ ልብስ ያዘዙትም እንደወጡ ቀሩ። ጥርሴ እጇን አጣምራ መቀመጥ ስላልሆነላት፣ ጆንያ ውስጥ ካጠራቀመችው ቁርጥራጭ ጨርቅ ማስክ መስፋት ጀመረች። የመጀመሪያውን የሰፋችው ለጎረቤቷ ለጋሽ ሾፌር ነበር።

ጋሽ ሾፌር ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ነጂ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሳቡት ጭስ ሳንባቸውን ጎድቶት፣ የቤታቸውን ደረጃ እንኳ መሀል ላይ ቆም ብለው ነው የሚጨርሱት። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሽታው ከገባ በኋላማ እግራቸው ከበራቸው አልፎ አያውቅም፤ ባለሱቁ የሚያዙትን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ፣ አንኳኩቶ ይሄዳል። ውሏቸው ጓሮ ነው። ከጥርሴ ግቢ በሚለያቸው የጣውላ አጥር ሥር ናና ተክለዋል፤ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለው፣ ሞተር እንደሚፈትሽ ሰው ቅጠሉን እየገለጡ ያዩታል።

ለማስኩ የመረጠችላቸው ነጫጭ አበባ ጣል ጣል ያለበት ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ለሚስታቸው ከሰፋችው ቀሚስ የተረፈ ነበር። ደስ ይላቸዋል ብላ ነው። በአጥሩ ላይ ስታቀብላቸው ተቀብለው ብዙ አዩት፤ ከዚያ ምንም ሳይሉ ይዘውት ገቡ። ጥርሴም አበባው ለወንድ አይሆንም ብለው ይሆናል ብላ ትንሽ ቅር አላት።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ሳለ የሽማግሌው ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ።

«ልጄ፣ ድስትሽ አረረ።»

ብድግ ብላ ወደ ማድቤት ሮጠች። ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል፤ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። እሷ ግን ምንም አልሸተታትም። ድስቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ የለም። ሳሙናውን አነሳች፤ የለም። የአልኮሉን ጠርሙስ ከፍታ እስኪያስላት ድረስ ማገችው፤ እንደ ውሃ ነው። ሽታ ማጣት የበሽታው ምልክት መሆኑን ሰምታለች። ሰሞኑን የከበዳት ትከሻ፣ በመቀመጥ ብዛት ነው እያለች ያለፈችው ድካም፣ ሁሉም ትርጉም አገኘ።

ወዲያው ደግሞ ሰማያዊው ማስክ ትዝ አላት። ጠርዙ ላይ አንድ ክር አልበጠስ ብሏት፣ ደግማ ነክሳዋለች። ያውም በአፍ በኩል ባለው ጠርዝ። የዚያን ጊዜ በሽታው እላይዋ ላይ ነበረ ማለት ነው? እንዲጠብቃቸው የሰፋችውን ነገር፣ ያን ደካማ ሳንባ እንዲገድል አድርጋ ሰጥታቸው ይሆን? ዝም ልበል ብላ አሰበች፤ ማን ያውቃል፣ ላይዛቸውም ይችላል። ግን ዝም ብላ ቢያጠልቁትስ? አፏን በሻርፕ ጠምጥማ ወጣች፤ ከአጥሩ ርቃ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ጋሼ፣ ያን ማስክ አድርገውታል?»

«የት ልሄድ ነው የማደርገው?»

እፎይ አለች። ፈገግ ልትል ስትል እሳቸው ቀጠሉ።

«ጨርቁን አወቅኩት። የሷ ነው። ትራሴ ላይ አንጥፌው፣ ጉንጬን አስጠግቼ ነው የምተኛው።»

ጥርሴ አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ጥርሷን፣ ክሩን፣ ያልሸተታትን ድስት። ማስኩን አሁኑኑ በፈላ ውሃ እንዲዘፈዝፉት ለመነቻቸው። እስኪሰድቧት ትጠብቃለች። እሳቸው ግን «አንቺስ፣ ውሃ የሚያቀብልሽ ማን አለ?» አሏት። ስለራሷ አንዴም እንዳላሰበች ያን ጊዜ ገባትና አለቀሰች።

ደንብ ያወጡት ሽማግሌው ናቸው። እሷ በየጠዋቱ ማሽኗን ታስጮሃለች፤ ያን ሲሰሙ በሕይወት እንዳለች ያውቃሉ። እሳቸው ደግሞ በውሃ ማጠጫው አጥሩን አንኳኩተው፣ ናናውን አሽትተው ይነግሯታል፤ እስከሸተታቸው ድረስ አልያዛቸውም ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ትኩሳቱ አንሶላ እስኪያስጨምቃት ቢያነድዳትም፣ ጠዋት ግድግዳ ይዛ ትነሳና ክር በሌለው መርፌ ማሽኑን ትረግጣለች። ከአጥሩ ወዲያ ኳ፣ ኳ ይላል። «ይሸታል» ይላሉ። በዚያች ቃል ነው ውላ የምታድረው። ያችን ቃል እስክትሰማ ድረስ ግን ከማሽኑ አትነሳም።

እየዋለ ሲያድር ትኩሳቱ ለቀቃት። ወንበር ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ የጋሽ ሾፌር በር ከፊት ለፊቷ ሆኖ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየሞቀች ዋለች። በማግስቱ ጠዋት እግሯም በርትቶላት ማሽኑን ረገጠች።

መልስ የለም። ቆም ብላ አዳመጠች። ደግማ፣ ጠንከር አድርጋ ረገጠች። ተነስታ ልትወጣ ስትል ማጠጫው አጥሩን ነካው፤ አንዴ ብቻ፣ በስሱ።

«ጋሼ፣ ናናውስ?» አለች።

ረጅም ሳል መጣ። ከዚያ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «ትናንት ሱቅ ድረስ ብቅ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ነው የያዘኝ። ካንቺ እንዳይመስልሽ» አሏት።

ትናንት ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ነበረች። በሩ አልተከፈተም።

«ማሽኑን አታቁሚ ልጄ» አሉ። «ልስማው።»

ጥርሴ እንባዋን ሳትጠርግ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ባዶውን መርፌ እያየች መርገጥ ቀጠለች።