የጉድጓዱ በከራ

በደርግ ዘመን ሐረር ውስጥ የአምስተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር አንድ ክፉ አመል ነበረኝ፤ አርፋጅ አልወድም። ያረፈደ ሁሉ ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ፣ ጠጠሩ ላይ ይንበረከካል። ጠጠሩን ከማንም በላይ የምታውቀው አንዲት ተማሪዬ ነበረች። ቤቷ ፈላና በር ነው፣ ቅርብ። ቅርብ እየኖረች ማርፈዷ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር። ለምን እንደምታረፍድ ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ያን ሰሞን የማስተምረው ስለ ቀላል መሣሪያዎች ነበር፤ መፈንቀያ፣ ተዳፋት፣ በከራ። በከራ ገመድ የሚሽከረከርበት፣ ጠርዙ እንደ ቦይ የጎደጎደ መንኮራኩር ነው። እኔ ራሴ ከመጽሐፍ በቀር የትም አይቼው አላውቅም። ቢሆንም ሰሌዳው ላይ ሳልኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ሸክምን በግማሽ ያቀላል" አልኩ። አርፋጇ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ውሃም ያቀላል?"

ለካ በየማለዳው ከግቢያቸው ጉድጓድ ውሃ የምትቀዳው እሷ ኖራለች። እናቷ በጠዋት ጫት ለመሸጥ ሸዋ በር ይሄዳሉ። አባቷ ተሸካሚ ነበሩ፤ ወገባቸው ተጎድቶ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ ቤት ይውላሉ። ይህን ስሰማ አፈርኩ። ይቅርታ ለማለት ግን ኩራቴ አልፈቀደልኝም። "እንግዲያው በከራ እንሠራለን" ብቻ አልኩ።

መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ዳር ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ የአሮጌ ስፌት መኪና መንኮራኩር ሰጡን። ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ጋር ሄደን ከጉድጓዱ በላይ ግንድ አጋደምንና አንጠለጠልነው። ልጅቷ ገመዱን ሳበች። የጎማው ባልዲ ወጣ፤ ፊቷ ግን አልፈካም።

"ቲቸር፣ ክብደቱ ያው ነው።"

እኔም ሳብኩት። እውነቷን ነው። ብቻውን የተሰቀለ በከራ የምንስብበትን አቅጣጫ እንጂ ሸክሙን እንደማይለውጥ የተማርኩት ያን ዕለት ነው፣ በተማሪዎቼ ፊት። አንዱ ሳቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቷ ከበራፋቸው ሆነው ሲያዩን ቆይተው ነበር። "እስቲ እኔ ልሞክረው" አሉ። ሳጥን አስጠጋንላቸውና ተቀመጡ። "ቢስሚላህ" ብለው ገመዱን ወደ ታች ሳቡት፤ ባልዲው እየተንጠባጠበ ብቅ አለ። ደገሙት።

"የታመመው ወገቤ ነው፤ ክንዴ መቼ ታመመ? ከዛሬ ወዲያ ውሃው የኔ ነው፣ መምህር።"

ልጅቷ ገመዱን ልትቀበላቸው ብትል በክርናቸው መለሷት።

ሰኞ ጠዋት ገና ሳይደወል ትምህርት ቤት ደረስኩ። ግቢው ጭር ብሏል። ከበሩ አጠገብ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ልጅቷ ተንበርክካለች። እንዲህ ማልዳ መጥታ ስለማታውቅ፣ ግቢው ባዶ ሲሆንባት ሁሉም ክፍል የገባ መስሏታል።

"ተነሺ ልጄ፣ የቀደምሽው አንቺ ነሽ" አልኩ። አነሣኋትና ጎንበስ ብዬ ከጉልበቷ ላይ ጠጠሩን እያራገፍኩ፣ "ይቅር በይኝ" አልኳት። ለምን እንደሆነ አልገባትም።